የጌሪ ኪልዳል ሕይወትና ሥራ

አንዳንድ ሰው ከሠራው ሥራ ይልቅ ባመለጠው ዕድል ይታወሳል። ጌሪ ኪልዳል ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ በተነሣ ቍጥር ብዙ ሀብት ከእጁ እንዴት እንዳመለጠ ይወራል። እኛ ግን ታሪኩን የምንጽፈው ትቶት ስለ ሄደው ዕውቀት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኪልዳል በ1942 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ መርከበኞች የባሕርን መንገድ ማወቅ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው፤ እርሱም በዚያ አስተምሯል። ወደ ዋሺንግተን ዩኒቨርስቲ የገባው የሒሳብ አስተማሪ ለመሆን አስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን የኮምፒዩተር ነገር ልቡን ወሰደው። የውትድርና ግዴታውን የፈጸመው በካሊፎርንያ፣ በሞንተሬይ ከተማ፣ በባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። በ1972 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በ1973 በቦስቶን ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ አንድ ፕሮግራም ገና ሳይሠራ፣ በየደረጃው የትኛው ነገር ወደ ፊት እንደሚፈለግና የትኛው እንደማይፈለግ በሒሳብ ለማወቅ የሚያስችል መንገድ የሚያሳይ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን የአገራችንን ምሳሌ እናምጣ። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሦስት ጆንያ ብቻ ይዞ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል እንበል። በአንዱ በርበሬ፣ በሁለተኛው ለመንገድ የሚሆን በሶ፣ በሦስተኛው ገለባ አለ። የትኛው ጆንያ አሁኑኑ ባዶ ቢሆን እንደማይጎዳው ለማወቅ ነጋዴው ከመድረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ያስባል። በርበሬው ፍኖተ ሰላም ላይ ይሸጣል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ሕያው ነው። በሶውም በመንገድ ይበላል። ገለባው ግን ማንኩሳ ላይ ተደፍቶ በቆሎ የሚሞላበት ከሆነ፣ ማንም ሳይጠቀምበት የሚጣል ስለሆነ፣ ገና ከቡሬ ሲነሣ ሙት ነው። መንገዱ ለሁለት ቢከፈል ደግሞ፣ በአንደኛው መንገድ ብቻ እንኳ የሚፈለግ ዕቃ ሕያው ተብሎ ይያዛል። ነጋዴው የሚመላለስ ቢሆን አንድ ጊዜ ማሰብ አይበቃውም፤ መልሱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስ ሒሳቡን ይደጋግማል። በኮምፒዩተር ውስጥ ጆንያዎቹ ሬጅስተር ይባላሉ፤ ቍጥራቸውም ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ኪልዳል በ1974 ሲ.ፒ.ኤም. የተባለውን፣ ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ሠራ። የመሣሪያውን ጠባይ የሚያውቀውን ክፍል ከቀረው ለይቶ ስላስቀመጠው፣ ይኸው ፕሮግራም በብዙ ፋብሪካዎች መሣሪያ ላይ ሊሠራ ቻለ። ከሚስቱ ከዶሮቲ ጋር ሆኖም ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1980 የአይ.ቢ.ኤም. ሰዎች ቢመጡም ስምምነት አልተደረገም፤ ኩባንያው በ1981 ባወጣው ኮምፒዩተር ላይ የማይክሮሶፍትን ፕሮግራም አደረገ። በኋላ ሁለቱም ለገበያ ሲቀርቡ የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር፣ የኪልዳል ግን 240 ዶላር ስለ ነበረ ገዢው ወደ ርካሹ ሄደ። በ1991 ዲጂታል ሪሰርች ለኖቬል ተሸጠ። ኪልዳልም ሐምሌ 11 ቀን 1994፣ በተወለደ በ52 ዓመቱ፣ በሞንተሬይ ዐረፈ።

የቦስቶኑ ሐሳብ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ ከርነል የሚባል ማእከል አለው። ከ2014 ጀምሮ ከውጭ የሚመጡ አጫጭር ፕሮግራሞች ወደዚህ ማእከል የሚገቡት አንድ በረኛ መንገዳቸውን ሁሉ ከመረመረ በኋላ ነው። ፕሮግራሞቹ 11 ሬጅስተሮች አሏቸው። በረኛው ቀድሞ ካየው ስፍራ ሲደርስ የአሁኑን ሁኔታ ከቀድሞው ጋር ያስተያያል፤ የሙቱን ሬጅስተር ልዩነት ስለሚንቅ ሥራው ይቀልለታል። በ2025 ይህ የሕያውና የሙት ሒሳብ፣ ኪልዳል ባስተማረው ዓይነት መንገድ፣ ምርመራው ሳይጀመር አስቀድሞ እንዲሠራ ተደረገ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚፈትሽ ሰው ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የትኛውን ሬጅስተር እንደሚያነብ፣ በየትኛው ላይ እንደሚጽፍ አንድ በአንድ ማየት አለበት። ሙቱ ሕያው ቢባል የሚባክነው ጊዜ ነው። ሕያው ሙት ቢባል ግን፣ አደገኛ ፕሮግራም በበረኛው ፊት አልፎ መላውን ኮምፒዩተር ሊያበላሽ ይችላል።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ኪልዳልን ራሱን በገዛ ሒሳቡ እንመዝነው። ያጣው ገንዘብ ዛሬ ለማንም አያገለግልም። በ31 ዓመቱ የጻፈው ግን ከኋላው ለመጡት ሁሉ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሕያው ነው። እኛም በዚህ ትምህርት ቤት ስንማር፣ ወደ ፊት ማን ይጠቀምበታል ብለን ከመድረሻው ጀምረን ብናስብ፣ ጆንያችንን በገለባ ሞልተን ከመጓዝ እንድናለን።