ኮምፒውተርን በደረጃ ያዋቀሩት ኤድስገር ዳይክስትራ

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1930 በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። በ1957 ጋብቻቸውን ሲፈጽሙ ሙያቸው ፕሮግራመር መሆኑን ቢገልጹም የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሙያ የለም በማለት ሳይቀበላቸው ቀረ። በሰነዱ ላይም የፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ተመዘገቡ።

ዳይክስትራ በአይንድሆቨን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ፕሮፌሰር ሳሉ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩትን የኮምፒውተር ማስተዳደሪያ ሥርዓት በ1968 ይፋ አደረጉ። በተቋሙ ምህጻረ ቃል «ቲ.ኤች.ኢ.» የተሰኘው ይህ ሥርዓት በተደራረቡ ደረጃዎች የተዋቀረ ነበር። የታችኛው ደረጃ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ለልዩ ልዩ ሥራዎች ሲያከፋፍል፣ ቀጣዩ ማኅደረ ትውስታን ይቆጣጠራል፤ ከኦፕሬተሩ ጋር የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ፣ መረጃ ማስገባትና ማስወጣት እንዲሁም የተጠቃሚዎች ፕሮግራሞች ከዚያ በላይ በቅደም ተከተል ይገኛሉ።

እያንዳንዱ ደረጃ የሚመሠረተው ከበታቹ ባሉት ላይ ብቻ በመሆኑ የታችኛው ተፈትሾ ሳይረጋገጥ የላይኛው አይጨመርም ነበር። በዚህም ምክንያት ስህተት ሲገኝ ምንጩን ለይቶ ማረም አስቸጋሪ አልሆነም።

ዳይክስትራ በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን የተቀበሉ ሲሆን፣ በነሐሴ 2002 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሶፍትዌርን በደረጃ የማዋቀር ስልት ዛሬም የሙያው መሠረት ሲሆን፣ በመዝገብ ስፍራ ያጣው ሙያም በመላው ዓለም የታወቀ መተዳደሪያ ሆኗል።