የኦነሲሞስ ነሲብ ቤትና መዝሙር

በደጋው አገር ላላችሁ ይህን የምንጽፍላችሁ ከጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ከተባለው ሰፈር ሆነን ነው። ከእናንተ መካከል ወንድ ልጁን ወይም ሴት ልጁን ወደዚህ የሰደደ ብዙ እንዳለ እናውቃለን። ሙቀቱ ሌሊት እንኳ አይለቅም። ማታ ግን ሥራ ሲፈታና በር ሲከፈት ከአንዱ ክፍል የአማርኛ፣ ከሌላው የኦሮምኛ መዝሙር ይሰማል። አንዳንዱ ከትንሽ ራዲዮ፣ አንዳንዱም ልብስ ከምታጥብ ልጅ አፍ ነው። የኦሮምኛውን በሰማን ቍጥር ኦነሲሞስ ነሲብ ትዝ ይሉናል፤ ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ልንነግራችሁ ወደድን። ዓመቶቹን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከዚህ ወደ ወደቡ ወርዶ ባሕረ ሰላጤውን አሻግሮ ለሚመለከት ሰው በማዶ ታጁራ አለች። ባለፈው መቶ ዘመን አይደለም፣ ከእርሱ በፊት በነበረው፣ ከኢትዮጵያ የተማረኩ ሕፃናት በዚያ ወደብ ወደ ዐረብ አገር ይጫኑ ነበር። በስተሰሜን የምትገኘው ምጽዋም እንዲሁ የባሪያ መሸጫ ነበረች። ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አጠገብ በ1856 ገደማ የተወለደው ሕፃን የደረሰው በምጽዋ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው። አባቱ ገና በአራት ዓመቱ ሞቱበት። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠም ባሕሩ ዳር ደረሰ። ምን ያህል ጊዜ እንደ ተሸጠ መቍጠር ለእኛ አይጠቅምም፤ አንዴም ቢሆን ለእናት ልብ ብዙ ነው። በ1870 የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቬርነር ሙንዚንገር በምጽዋ ነጻ አወጣውና ልጁ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ።

በ1872 መጋቢት 31 ቀን፣ በትንሣኤ እሑድ፣ ተጠመቀ። ስሙም ኦነሲሞስ ተባለ። ወደ ፊልሞና የተጻፈውን መልእክት ያነበበ ሁሉ ስሙ ለምን እንደ ተመረጠ ያስተውላል፤ ያም ኦነሲሞስ ባሪያ ነበረና፤ ትርጕሙም ጠቃሚ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐንስሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ፤ ከእንግዲህ ወዲህ እኛም እንደ ወጉ አቶ ኦነሲሞስ እንላቸዋለን።

በዚያው ዓመት ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ሙሽርነታቸው ገና ሳያልቅ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመድረስ በሱዳን በኩል ጕዞ ጀመሩ። የጕዞው መሪ በመንገድ ሞተ፤ በሽታና ጦርነት መንገዱን ዘጋ፤ ተመለሱ። በ1886 እንደ ገና ተሞከረ። እንጦጦ ድረስ ከደረሱ በኋላ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ወደመጡበት እንዲመለሱ አዘዙ። ወለጋን ሳያዩ ያንን ሁሉ ቈላና በረሓ እንደ ገና ተጕዘው ወደ ባሕር ወረዱ። በዚህ በረሓ ዳር የምንኖር እኛ ያ መንገድ ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት እናውቃለን።

በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል ስፍራ ተቀምጠው ከጻፏቸው ሥራዎች ቀድሞ የታተመው የመዝሙር መጽሐፍ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀናል። ሌላ ሰው ቢሆን ክርክርን ወይም የትምህርት መጽሐፍን ያስቀድም ነበር። እሳቸው ግን ብዙዎቹን ከስዊድንኛ እየመለሱ በቤተ ሰብ የሚዘመረውን አስቀደሙ። ፊደል ያልቈጠረች እናት መጽሐፍ ልታነብ አትችልም፤ መዝሙር ግን አንድ ሳምንት ሰምታ ለልጅዋ ታስተምራለች። ምክንያታቸው ይህ ይመስለናል።

በ1888 ወይዘሮ ምሕረት ሞቱ። ትርጕሙ ግን አልቆመም። በልጅነታቸው ከቋንቋው ተለይተው ስለ ነበር ብዙ ቃል ጐድሎባቸው ነበር፤ ይህን ለመሙላት ከባርነት የወጡ ሌሎች ኦሮሞዎች ተሰበሰቡ። ከሁሉም የምትበልጠው አስቴር ጋኖ ነበረች። እርስዋም በ1886 በኢጣልያ መርከብ ከባርነት ነጻ የወጣች ልጅ ናት። ከቃሏ የመዝገበ ቃላት መሠረት ተጣለ፤ አምስት መቶ የሚያህሉ የአባቶች ዘፈንና ተረት፣ ምሳሌና እንቈቅልሽ ጻፈች፤ በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ያወጣችው የማንበቢያ መጽሐፍ ከዚህ ተወስዷል። ስለ አስቴር በመጽሔቶቻችን የሚጻፈው ከሚገባት በታች ነው፤ ይህን በነቀፋ ሳይሆን በኀዘን እንናገራለን። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ፤ ሁለቱም በእኛው በግእዝ ፊደል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ከራቁ በኋላ በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ኋለኛይቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊዲያ ዲምቦም በትርጕሙ ሥራ የረዱ ነበሩ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በገዛ አፉ ቋንቋ ሲሰበክለት ደስ አለው። ነገር ግን በ1906 ክስ ተነሣባቸውና አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ስብከት ግን ተከለከለ። (ይህን የምንጽፈው ከቀደመችው ቤተ ክርስቲያን ወገኖቻችን ጋር የቈየ ቂም ለማንሣት አይደለም። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን በዚያው አሉ።)

ወደ ዐሥር ዓመት የሚደርስ ዝምታ ለሰባኪ ምን ያህል እንደሚከብድ ሰባኪ የሆነ ይፍረድ። በባርነት የሄደ፣ ሁለት ጊዜ ከመንገድ የተመለሰ ሰው፣ በመጨረሻ ከገዛ ሕዝቡ መካከል ተቀምጦ እንዳይናገር ተባለ። ሆኖም መጽሐፉ በሰው እጅ ነበረ፤ በቃል የተያዘ መዝሙርም መድረክ አይጠይቅም። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲያስተምሩ ፈቀዱ። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። አቶ ኦነሲሞስም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሰበኩ፤ መጻሕፍቱንም አደሉ። በ1931 ሰኔ 21 ቀን በነቀምቴ ዐረፉ። ዕለቱ እሑድ ነበረ።

የወንጌል ራዲዮ በአገራችን ሲነገር አልሰሙም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቆመው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1963 የካቲት ወር ነው፤ እሳቸው ከሞቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። ደርግ በ1977 መጋቢት ወር እስኪወርሰው ድረስ ዐሥራ አራት ዓመት ቃሉንና መዝሙሩን በተራራና በባሕር ላይ አሻገረ። ጣቢያው ሲወሰድ ያዘኑትን እናውቃቸዋለን፤ በነጋታውም በየቤታቸው መዘመር አልተዉም።

ዛሬ ከደጋው የሚመጡ ልጆች በዚህ በጅቡቲ አልፈው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ይሻገራሉ። ነጋዴ በሰንሰለት አይነዳቸውም፤ የሚነዳቸው ድህነትና ተስፋ ነው፤ ሁሉም ግን አይደርሱም። ባለፈው ሰሞን ከነዚያ አንዱ፣ ከወለጋ የመጣ፣ አንድ ሌሊት በካርቲየ 3 አደረ። ራት ከበላ በኋላ እናቱ ያስተማረችውን የኦሮምኛ መዝሙር በዝግታ ጀመረ። የጐረቤታችን ሴት ልጅም፣ ከጎጃም የመጣች፣ ቃሉን ሳታውቅ ዜማውን ተቀበለችው። መዝሙሩን ማን እንደ ጻፈው ጠየቅነው፤ አላወቀም። ነገርነው፤ በማለዳም ሄደ።