ሥራው በማማሩ የታማው ሮዳን

ከቀራፂው ኦጉስት ሮዳን ሕይወት እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ጭቃ በማለስለስ ችሎታው መከሰሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በፓሪስ የተወለደው ሮዳን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም ወድቋል። በ1875 ብራስልስ ሳለ አንድ ቤልጂየማዊ ወታደር ከፊቱ አቁሞ የሰው ቁመት ያለው ሐውልት በጭቃ መሥራት ጀመረ። ከፊት፣ ከኋላና ከጎን እያስተያየ፣ የጡንቻውን መውጣትና መግባት እየተከተለ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ደከመበት። ልስላሴው የመጣው ላዩን በማሸት ብቻ አልነበረም።

በ1877 “የነሐስ ዘመን” በሚል ስም ለዕይታ ሲቀርብ ግን ከሕያው ሰው ገላ ላይ በጀሶ የተገለበጠ ነው ተብሎ ተወራ። ሮዳን የወታደሩን ፎቶግራፎች በማስረጃነት አቀረበ፤ ቀጥሎ የሠራውን መጥምቁ ዮሐንስንም ከሰው ቁመት አስበለጠው። በ1880 የፈረንሳይ መንግሥት የታማውን ሐውልት ገዛ። በ1917 ሮዳን ሲሞት ስሙ ከሐሜቱ ከጸዳ ቆይቶ ነበር።