ስፒኖዛ ከምኵራብ የወጣበት ምክንያት

ስለ ባሩክ ስፒኖዛ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከፍልስፍናው ነው። እኛ ግን ዛሬ ከቤቱና ከአባቱ ዕዳ ለመነሣት ፈቅደናል፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ከተወለደበት ማኅበር ለምን እንደ ወጣ የሚመረምር ሁሉ፥ ከታላላቆቹ የሐሳብ ጥያቄዎች አጠገብ የሞት፥ የኪሣራና የሒሳብ መዝገብ ነገር ያገኛል።

ስፒኖዛ በ1632 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)። የፖርቱጋል ስሙ ቤንቶ፥ በምኵራብ የሚጠራበት ስሙ ባሩክ፥ ኋላ በላቲን የሚጽፈው ስሙ ቤኔዲክቱስ ነበር፤ ሦስቱም በእኛ ቋንቋ ቡሩክ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ሲሆን በአይሁድ ታሪክ ውስጥ ከርሱ የበለጠ በርግማን የታወቀ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

አባቱ ሚካኤል ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁድ ወገን የሆነ ነጋዴ ነበር። የነዚህ ሰዎች አያቶች በግድ ተጠምቀው፥ በአደባባይ ክርስቲያን በጓዳ አይሁድ እየሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ኢንኲዚሲዮን የሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት አንዱን በቅዳሜ ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሰሃል፥ ሌላውን የአሳማ ሥጋ እምቢ ብለሃል እያለ ያስር ነበር፤ ብዙዎችም በእሳት ተቃጥለዋል። ተርፈው አምስተርዳም የደረሱት ሃይማኖታቸውን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው፤ ዕብራይስጥ እንኳ የማያውቁ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ አጥራቸውን ከፍ አድርገው አጠሩ። ከሌላ የአይሁድ ማኅበር አራጅ ሥጋ መግዛት እንኳ ውግዘት የሚያሰጋ ጥፋት ሆነ። የከተማውም ሹማምንት እንግዶቹን ሲቀበሉ የክርስቲያኑን ሃይማኖት እንዳይነቅፉ አስጠንቅቀዋቸው ስለ ነበረ፥ ከመካከላቸው አንድ ሰው ክፉ ቢናገር ጦሱ ለሁሉ ይተርፋል ብለው ይፈሩ ነበር። ጥብቅነታቸውን ባንወድደው እንኳ ከምን እንደ መጣ መዘንጋት አይገባንም።

በ1640 ዓ.ም. ስፒኖዛ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፥ ዑሪኤል ዳ ኮስታ የሚባል የተወገዘ ሰው ወደ ማኅበሩ ለመመለስ ሲል በምኵራብ ውስጥ በሕዝብ ፊት 39 ጊዜ ተገረፈ። ከዚያም በደጃፉ ላይ ተጋድሞ ሕዝቡ በላዩ እየተራመደ ወጣ። ጥቂት ቀን ቈይቶ ራሱን ገደለ። በዚያ ጠባብ ሰፈር ይህ ወሬ ያልደረሰው ልጅ ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

የስፒኖዛ ቤት ደግሞ ኀዘን የማይለየው ቤት ነበር። እናቱ የሞተችው ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በ1649 ታላቅ ወንድሙ፥ በ1651 እኅቱ፥ በ1653 የእንጀራ እናቱ፥ በ1654 አባቱ ተከታትለው ሞቱ። በ21 ዓመቱ ከወንድሙ ከገብርኤል ጋር የአባቱን የንግድ ቤት ተረከበ፤ ነገር ግን ሆላንድ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው ጦርነት ምክንያት ንግዱ ተጐድቶ፥ የቀረው ከሀብቱ ይልቅ ዕዳው ነበር። በዚህ ዘመን ገደማ ፍራንሲስኩስ ፋን ደን ኤንደን ከሚባል መምህር ቤት እየሄደ ላቲን መማር ጀመረ። መምህሩ ራሱ ከኢየሱሳውያን ማኅበር የወጣ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

የምኵራቡ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። አባቱ በሞተ ሰሞን ስፒኖዛ የሚገባውን መዋጮ ይከፍል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ክፍያው እያነሰ ሄዶ በ1656 ከምንም የማይቈጠር ሆነ። በዚሁ ዓመት በማርች ወር ወደ ከተማው ዳኞች ሄደ። በሕጉ 25 ዓመት ያልሞላው ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ሞግዚት ተሾመለትና ከአባቱ ውርስ ከነዕዳው ተለየ፤ ከእናቱ የሚደርሰው ድርሻ ግን ከአበዳሪዎቹ አስቀድሞ እንዲከፈለው አመለከተ። የማኅበሩ ሽማግሎች ይህን በደስታ እንዳላዩት መገመት አያዳግትም። የውግዘቱ ምክንያት ይኸው የገንዘብ ነገር ነው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንትም አሉ። እኛ ግን ይህ ብቻውን በቂ ሆኖ አይታየንም፤ ስለ ዕዳ የተጣላ ሰው ይታረቃል። መዋጮውን መክፈል ያቆመው ሰው ልቡ አስቀድሞ ከደጅ ወጥቶ ነበር።

ጁላይ 27 ቀን 1656 ዓ.ም. ውግዘቱ በምኵራብ ተነበበ። ውግዘት ምን እንደሆነ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማንም ሰው በቃልም በጽሑፍም እንዳያነጋግረው፥ ከአንድ ጣሪያ ሥር አብሮት እንዳይሆን፥ ከአራት ክንድ በላይ እንዳይቀርበው፥ የጻፈውንም እንዳያነብ ተከለከለ። በዚያ ማኅበር ብዙ ሰዎች ለጥቂት ቀን ወይም ለጥቂት ወራት ተወግዘው ይቅርታ ጠይቀው ይመለሱ ነበር። የርሱ ግን አልተነሣም፤ እርሱም ይነሣልኝ ብሎ አልለመነም። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ያን ጊዜ ገና አንድ መጽሐፍ አላሳተመም።

ክፉ ኑፋቄ ከማለት በቀር ውግዘቱ የበደሉን ዝርዝር አይናገርም። የሚያስደንቀው ነገር፥ ዝርዝሩ የተገኘው አያቶቹ ከሸሹት ከኢንኲዚሲዮን መዝገብ መሆኑ ነው። በ1659 ዓ.ም. ከአምስተርዳም የተመለሰ አንድ መነኵሴ በማድሪድ ቀርቦ፥ ስፒኖዛንና ጓደኛውን ሐኪሙን ሁዋን ዴ ፕራዶን አግኝቼ ነበር ብሎ መሰከረ። ሁለቱ የሙሴ ሕግ እውነተኛ አይደለም፥ ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች፥ እግዚአብሔርም አለ የሚባለው በፍልስፍና ብቻ ነው የሚል አሳብ ይዘዋል፤ የተባረሩትም በዚህ ነው አለ። በዚሁ ምስክርነት ውስጥ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ለእኛ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥብን እርሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአሳባቸው ደስተኞች ቢሆኑም፥ ከምኵራቡ ያገኙት የነበረውን ርዳታና ከወገኖቻቸው ጋር መነጋገሩን በማጣታቸው ያዝኑ ነበር ይላል።

ከፈላስፋው መጻሕፍት ይህን የመሰለ ነገር አይገኝም። በመጻሕፍቱ ውስጥ እንደ ተፈተለ ክር ቀጥ ያለ አእምሮ እናያለን፤ በመነኵሴው ምስክርነት ግን በፖርቱጋልኛ የሚያጫውተው ወገን ያጣ የ26 ዓመት ወጣት እናያለን። ሳይጨርሰው በቀረ በአንድ የወጣትነት ድርሰቱ ስለ ራሱ ሲናገር፥ የታወቀውን ጥቅም ላልታወቀው መልቀቅ መጀመሪያ ሞኝነት መስሎት ብዙ እንዳመነታ ይገልጻል። ይህን ማመንታቱን ለሚያውቅ ሰው መውጣቱ ቀላል ሆኖ አይታየውም።

ምኵራብ ብቅ እያልክ ብትታይ በዓመት 1,000 ጊልደር ይሰጥህ ተብሎ እምቢ ማለቱ ይተረካል። ወደ ሌላ ሃይማኖትም አልገባም፤ ይህ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር፤ አንዱን ደጅ የለቀቀ ሁሉ ሌላውን ያንኳኳ ነበርና። በሬይንስቡርግ፥ በፎርቡርግ፥ በመጨረሻም በሄግ ከተማ ቤት ተከራይቶ፥ የመነጽርና የአጉሊ መሣሪያ መስተዋት እየሞረደ፥ ወዳጆቹም እየረዱት ኖረ። በ1670 ስሙን ሳይገልጽ ያሳተመው መጽሐፍ ኋላ በመንግሥት ተከለከለ፤ በ1673 የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቀርቦለት፥ የማስተማር ነጻነቱ ወሰን እስከ የት እንደሆነ ስላልተረዳው ሳይቀበል ቀረ።

በሄግ ያከራዩት ባልና ሚስት የሉተር ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከስብከቱ ምን እንዳገኙ ይጠይቃቸው፥ ልጆቻቸውንም ለአምልኮ እንዲተጉ ይመክር ነበር ይባላል። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን በሃይማኖቴ እድናለሁን ብላ ጠየቀችው። ሃይማኖትሽ መልካም ነው፤ በሰላምና በእግዚአብሔር ፍርሃት ከኖርሽ ሌላ መፈለግ አያስፈልግሽም የሚል መልስ ሰጣት። ይህን የመዘገበው አሳቡን አጥብቆ የሚጠላ የሉተራን ቄስ ስለሆነ ለማመን አንቸገርም። አንዳንድ ተቺዎች ነገሩን እንደ ፍርሃት ይቈጥሩበታል። እኛ የምናየው፥ ከወገን መለየት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው፥ ክፍያውን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ለመጫን አለመቸኰሉን ነው።

በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1677 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞተ። ድርሰቶቹ ያሉበት የጽሕፈት ጠረጴዛ በኑዛዜው መሠረት ወደ አምስተርዳም ወደ አሳታሚው ተላከ። የቀረው 160 ያህል መጻሕፍት፥ ጥቂት ልብስና የመሞረጃ ዕቃ ነበር። ከ21 ዓመት በፊት ከአራት ክንድ በላይ እንዳትቀርበው የተከለከለችው እኅቱ ርብቃ ወራሽ ነኝ ብላ ጠየቀች። ዕቃው በሐራጅ ተሽጦ ዕዳውና የቀብሩ ወጪ ሲታሰብ ግን የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ተረዳች፤ ርብቃም ወንድሟ በአባታቸው ውርስ እንዳደረገው ውርሱን ተወችው።