ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ጨርጨርን ያስተዳደሩት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም

ጭሮ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የጨርጨርን አገር ያስተዳደሩት ገዥ በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። ዘመናዊ ሕክምና ከተማሩ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የኖሩበት ዘመን፣ የሰው ልጅ የብዙ በሽታዎችን ምንጭ በውኃ፣ በትንኝና በማዕድ ላይ ያገኘበት ዘመን ነው። ስለዚህ የሕይወታቸው ታሪክ ከቦርደዴ ቆላ እስከ ጨርጨር ደጋ ለሚኖር ቤተሰብ ዛሬም የሚጠቅም ትምህርት ይዟል።

ከመቅደላ እስከ ላሆር

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ፣ ከወላጆቹ የተለየውን ሕፃን አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። አሳዳጊው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት፣ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ፣ የእናቱን ቋንቋ ረስቶ አደገ።

በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በ1874 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳ መነሻ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ መሆኑን ለዓለም አሳወቀ። በሽታው እርግማን ወይም የዘር ጣጣ አለመሆኑ ታወቀ። ነቀርሳ በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በታመመች ላም ጥሬ ወተትም እንደሚተላለፍ ቆይቶ ተረጋገጠ። የላም፣ የፍየል ወይም የግመል ወተት አፍልቶ መጠጣት ከዚህም ሆነ ከብሩሴላ በሽታ ይጠብቃል።

ምግብ ሲጎድል የሚመጣ በሽታ

ሐኪም ወርቅነህ ለረጅም ዓመታት በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። በዚያ ዘመን ሩዝ በሚበላባቸው የእስያ አገሮች ቤሪቤሪ የተባለ፣ እግርን የሚያሰልልና ልብን የሚያደክም በሽታ ብዙ ሰው ይጨርስ ነበር። በጃቫ ደሴት ይሠራ የነበረው የሆላንድ ሐኪም ክርስቲያን አይክማን፣ ገለባው ፈጽሞ የተፈተገ ሩዝ የሚቀለቡ ዶሮዎች በተመሳሳይ በሽታ ሲወድቁ፣ ያልተፈተገውን ሲበሉ ግን ሲድኑ ተመለከተ። ቆይቶም በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም፣ በቆሎን ብቻ በሚመገቡ ድሆች ላይ የሚታየው ፔላግራ የተባለ የቆዳና የአእምሮ በሽታ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን አሳየ።

ይህ ነገር ማሽላና በቆሎ ዋና ምግቡ ለሆነው ለሐረርጌ ገበሬ ቅርብ ነው። እህል ሆድን ይሞላል፤ ሰውነትን ለመገንባት ግን ብቻውን አይበቃም። ከማሽላው ጋር ቦሎቄ፣ ሽምብራ ወይም ምስር፣ ሲገኝም ወተትና እንቁላል ሲጨመር የሕፃኑ ገንፎ የተሟላ ይሆናል። ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ከጡት ወተት ጋር እንዲህ ያለ ወፈር ያለ ገንፎ ሊጀመርለት ይገባል።

በምሽት ማየት የሚሳነው ልጅ በዳፍንት ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ጉበት ይከላከሉታል። እንቅርትን አዮዲን ያለበት ጨው ይከላከላል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ምስርና ጎመን ስታዘወትር፣ ቡናና ሻይን ከማዕድ ሰዓት ብታርቅ ሰውነቷ ከምግቡ ብረትን በተሻለ ያገኛል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው መቀነስ ይኖርበታል።

ወደ አገር መመለስና ጨርጨር

ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በልጅነት በሰውነታቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ለዩአቸው፤ ወርቅነህ የሚለው ስማቸውም ተመለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ተመላልሰው በመጨረሻ ጠቅልለው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተመረቀውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት መሩ።

ጨርጨር አስቀድሞ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ለሌላው አርአያ የሚሆን ግዛት ተብሎ ተጀምሮ ነበር። ሐኪም ወርቅነህም ሥራውን ቀጠሉበት። ሹም በገበሬው ላይ ከሚያድር በደመወዝ እንዲያድር፣ ግብሩ ሥርዓት እንዲይዝ፣ መንገድና ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ጣሩ። ይህ ከጤና የራቀ አይደለም። ጎተራው በሹም የሚራቆት ገበሬ ለልጁ የሚያቀርበው ማዕድም ይጎድልበታል፤ የተራበ ልጅ ደግሞ ኩፍኝን ወይም ተቅማጥን የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

ምግብ የማይተካው ሕክምና

የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉት ሁለት ልጆቻቸው፣ ቤንያምና ዮሴፍ፣ በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። ሽማግሌው አባት ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ሮናልድ ሮስ በሕንድ ያረጋገጠው ሐኪሙ በበርማ በነበሩበት በ1889 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቆላ የወረደ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ክፉ አየር መታው ይባል ነበር። ዛሬ መንስኤውም መድኃኒቱም ይታወቃል። በቦርደዴና በአካባቢው ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ዕለት፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል፤ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ፌጦ ወባን አያድንም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡትና ምግብ ሳይከለከል፣ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን የንጥረ ነገር ውሕድ በንጹሕ ውኃ እየተበጠበጠ ይጠጣ። መልካም ማዕድ ሰውነትን ያበረታል፤ ከሐኪም ዘንድ መድረስን ግን አያስቀርም።