ፍራንዝ ሹበርትና ወዳጆቹ

አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ዜማ ሊደርስ ይችላል። ዜማው ግን የሚያደምጠው ጆሮ፣ የሚያሰማው ድምፅና ወደ ሌሎች የሚያደርሰው እጅ ካላገኘ በወረቀት ላይ የቀረ ምልክት ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ የምታነቡት የፍራንዝ ሹበርት የሕይወት ታሪክ ይህን ያስረዳል። ሹበርት በአጭር ዕድሜው ከ600 በላይ ዘፈኖችን የደረሰ ኦስትሪያዊ የሙዚቃ ሊቅ ነው። ታሪኩን ስታነቡ እርሱ ለወዳጆቹ የሰጠውን፣ ወዳጆቹም ያደረጉለትንና ሳያደርጉለት የቀሩትን እያመዛዘናችሁ ተከተሉ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሹበርት ጃንዋሪ 31 ቀን 1797 በቪዬና ከተማ ዳርቻ ተወለደ። አባቱ አስተማሪ ነበር። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ ሙዚቃ ግን አልጎደለበትም። ልጁ ቫዮሊን ከአባቱ፣ ፒያኖ ከታላቅ ወንድሙ ከኢግናዝ ተማረ። አባትና ልጆች ባለ አውታር መሣሪያዎቻቸውን ይዘው በአንድነት ይጫወቱ ነበር። አባቱ ሲስት ትንሹ ፍራንዝ መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል፤ ስሕተቱ ሲደገም ግን በትሕትና ያመለክተዋል። ሙዚቃን ከሌሎች ጋር መካፈልን ሹበርት በመጀመሪያ የተማረው በዚህ ቤት ነው።

በ1808 በድምፁ ማማር ተመርጦ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ጸሎት ዘማሪ ሆነ፤ አዳሪ ትምህርት ቤትም ገባ። በዚያም ከታወቀው የሙዚቃ ሰው ከአንቶኒዮ ሳሊየሪ ትምህርት አገኘ። የአዳሪው ኑሮ ግን ከባድ ነበር። ምግቡ አያጠግብም፤ የፒያኖ መለማመጃው ክፍልም በብርድ ወራት እሳት አይነድበትም። ከሁሉ ይልቅ ልጁን ያስጨነቀው ዜማ የሚጽፍበት ወረቀት መግዣ ማጣቱ ነበር። ይህንን ምሥጢሩን በስምንት ዓመት ያህል ለሚበልጠው የሕግ ተማሪ ለዮሴፍ ሽፓውን እያፈረ ነገረው። ሽፓውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ያቀርብለት ጀመር። ወረቀት በዋጋው ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ያ ስጦታ ባይኖር ኖሮ ከልጅነት ድርሰቶቹ ስንቱ ሳይጻፍ ይቀር እንደ ነበር እስቲ አስቡ።

ሹበርት ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በ1814 በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆነ። ሥራውን ባይወደውም ጊዜውን አላባከነም። በዚያው ዓመት፣ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከጀርመናዊው ባለቅኔ ከጎተ ሥራ ግሬችን የተባለችውን ፈታይ ወጣት የሚመለከተውን ግጥም በዜማ አቀናበረ። ፒያኖው የመፍተያውን መዘውር መሽከርከር ያሰማል፤ ልጅቱ የምትወደውን ሰው አስባ ስትፈዝ መዘውሩ ቀጥ ይላል፤ ከዚያም እያመነታ እንደ ገና ይነሣል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1815፣ ከ140 የማያንሱ ዘፈኖችን ደረሰ። ከእነዚህም አንዱ ኤርልኮኒግ የተባለው ነው። አባት የታመመ ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል፤ ልጁ የሚጠራውን መንፈስ አይቶ ይጮኻል፤ አባቱ ያጽናናዋል፤ ቤት ሲደርሱ ግን ልጁ ሞቷል። አንድ ዘፋኝ የተራኪውን፣ የአባትን፣ የልጅንና የመንፈሱን ድምፅ ብቻውን ያሰማል፤ ፒያኖው ደግሞ የፈረሱን ኮቴ ይመታል።

በእነዚህ ዓመታት በሹበርት ዙሪያ የወዳጆች ክበብ ተመሠረተ። አባሎቹ ሁሉ ሙዚቀኞች እንዳልነበሩ ልብ በሉ። ዮሐን ማይርሆፈር ባለቅኔ ስለ ነበር ግጥም ሰጠው፤ ሹበርትም ከአርባ የሚበልጡትን ግጥሞቹን በዜማ አቀናበረ። ፍራንዝ ሾበር ቤቱን ከፈተለት። ሞሪትዝ ሽቪንድ ሠዓሊ ነበር። ዮሐን ሚካኤል ፎግል ደግሞ በቪዬና የታወቀ የኦፔራ ዘፋኝ ሲሆን፣ በ1817 ሾበር ወደ ሹበርት አመጣው። ያ ስመ ጥር ሰው መጀመሪያ ዜማዎቹን በቸልታ ተመለከተ፤ እየዋለ እያደረ ግን ተመልሶ መጣ። ከዚያም ሹበርት ፒያኖ እየመታ ፎግል የሚዘፍንባቸው ምሽቶች ተበራከቱ። በተለይ ከ1821 ጀምሮ እነዚህ ምሽቶች በደራሲው ስም ሹበርቲያድ ተባሉ። አዲስ ዘፈን ይሰማል፤ ግጥም ይነበባል፤ በመጨረሻም ሹበርት የዳንስ ሙዚቃ ሲጫወት ወጣቶቹ ይጨፍራሉ። ሹበርት አዲስ ሰው ወደ ክበቡ ሲመጣ ምን እንደሚችል አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ ወዳጆቹ ከዚሁ ጥያቄ ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። ወደዚያ ማኅበር የሚገባ ሰው ባዶ እጁን አይገባም ማለት ነው።

የወዳጆች መሰብሰብ ግን በዚያ ዘመን ያለ ሥጋት የሚደረግ አልነበረም። የሜተርኒክ መንግሥት የወጣቶችን ስብሰባ በዐይነ ቁራኛ ይጠባበቅ ነበር። በ1820 ፖሊሶች የባለቅኔውን የዮሐን ዜንን ክፍል ሲፈትሹ ሹበርትን ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር እዚያው አገኙት። ሹበርት በተግሣጽ ታለፈ፤ ዜን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ከቪዬና ተባረረ። ሹበርት ወዳጁን አልረሳም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱን ግጥሞቹን በዜማ አቀናበረለት።

ወዳጆቹ ዜማዎቹ ከክበቡ ውጭ እንዲታወቁ ብዙ ደከሙ። በ1816 ሽፓውን የዘፈኖቹን ጥራዝ ለጎተ ላከ፤ ጥራዙ ያለ መልስ ተመለሰ። በ1817 ኤርልኮኒግ በላይፕሲግ ከተማ ላለ አሳታሚ ተላከ፤ አሳታሚው በድሬስደን የሚኖር ሌላ ፍራንዝ ሹበርት የሚባል ሙዚቀኛ ስለሚያውቅ ድርሰቱን ወደዚያ መለሰው። ያም ሰው በስሙ የተነገደበት መስሎት ተቆጣ። የቪዬና አሳታሚዎችም ገንዘባቸውን ለማውጣት ፈሩ። በዚህ ጊዜ ወዳጆቹ የሌላ ሰው በጎ ፈቃድ መጠበቁን ትተው ገንዘብ አዋጡ፤ በ1821 ኤርልኮኒግ የሹበርት ቁጥር አንድ ሥራ ሆኖ ታተመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ላይ ትርጉሙ ይጎላል።

ይሁን እንጂ ይህ ማኅበር እንከን አልነበረበትም ብላችሁ አታስቡ። በ1823 ሹበርት በከባድ በሽታ ተይዞ ሆስፒታል ገባ። በዚሁ ጊዜ አካባቢ ሾበርን የመሳሰሉ የቅርብ ወዳጆቹ ከቪዬና ራቁ፤ በንባቡ ምሽት የእነርሱን ስፍራ የያዙት አዳዲስ ሰዎች ከግጥምና ከሙዚቃ ይልቅ ስለ ፈረስና ስለ ውሻ ማውራት ወደዱ። ሹበርት በዚህ እጅግ አዘነ፤ ስብሰባውም ፈረሰ። ማኅበርን ማኅበር የሚያሰኘው የሰው ብዛት ሳይሆን በመካከሉ ያለው የጋራ ፍቅር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህም የሚበልጥ ፈተና በ1827 መጣ። ሹበርት በቪልሄልም ሙለር ግጥሞች ላይ የክረምት ጉዞ የተባሉትን ዘፈኖች ጀመረ። በዚያ አገር ክረምት የበረዶ ወራት ነው፤ ዘፈኖቹም ፍቅሩን ያጣ ብቸኛ ሰው በበረዶ ውስጥ ሲጓዝ ያሳያሉ። ሹበርት ወዳጆቹን ወደ ሾበር ቤት ጠርቶ እየተጫወተ አሰማቸው። ጨለማው ከበዳቸው፤ ዝምም አሉ። ሾበር የወደደው አንዱን ብቻ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ሹበርት ግን እርሱ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ እንደሚወዳቸው፣ ወዳጆቹም ወደ ፊት እንደሚወዷቸው አስረዳ። አስተውሉ፤ ወዳጆቹ ለይሉኝታ ብለው አላሞገሱትም፤ እርሱም ስለ ነቀፉት አልተቀየማቸውም፤ እንዲሁም እነርሱን ለማስደሰት ሲል ሥራውን አልለወጠም።

ማርች 26 ቀን 1828 ሹበርት የራሱ ሥራዎች ብቻ የቀረቡበትን የሕዝብ ኮንሰርት አሰማ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ኮንሰርት ያደረገው ይህን አንዱን ብቻ ነው፤ አዳራሹም ሞላ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 19 ቀን በ31 ዓመቱ በወንድሙ በፈርዲናንድ ቤት ዐረፈ። ቀድሞት ካረፈው ከቤትሆቨን መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ብዙ ሥራዎቹ ግን በወዳጆቹና በዘመዶቹ እጅ ተደብቀው ቀሩ። ታላቁን ሲምፎኒውን ሮበርት ሹማን በፈርዲናንድ ቤት አግኝቶት በ1839 በላይፕሲግ ተሰማ። ያልተፈጸመው የተባለው ሲምፎኒ ደግሞ በወዳጁ በአንሰልም ሁተንብሬነር ቤት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ1865 ነው። ያም ቢሆን ፍቅራቸው አልጠፋም። ሽቪንድ ሹበርት ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ በሽፓውን ቤት የነበረውን ምሽት ከትዝታው ሣለ፤ በሥዕሉ ላይ ሹበርት ፒያኖው ፊት፣ ፎግልና ሽፓውን ከአጠገቡ ተቀምጠዋል።

እናንተም ግጥም የምትጽፉ፣ ዜማ የምትሞክሩ ወይም ክራር የምትመቱ ከሆነ ሥራችሁን በደብተራችሁ ውስጥ አትቅበሩት፤ ለምታምኗቸው ጓደኞች አሰሙ። የሙዚቃ ስጦታ የሌላችሁም የሽፓውንን ወረቀት አስታውሱ። በእጃችሁ የቆየውን የጓደኛ ሥራ ግን እንደ ሁተንብሬነር በሣጥን ቆልፋችሁ አታስቀሩት።

መልመጃ

1. ሽፓውን፣ ማይርሆፈር፣ ሾበርና ፎግል እያንዳንዳቸው ለሹበርት ያደረጉለትን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. የንባቡ ስብሰባ የፈረሰበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. ወዳጅ የወዳጁን ሥራ መንቀፍ ይገባዋልን? የክረምት ጉዞን ታሪክ መነሻ በማድረግ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።