የቅዱስ ያሬድ ዳግመኛ መማር

በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ፔዳ ግቢ፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ወድቀው እንደገና ለመቀመጥ የሚዘጋጁ ልጆቻችን በጸሎት አስቡን ይሉናል። እኛም የቅዱስ ያሬድን ሕይወት እናስታውሳቸዋለን።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ተወለደ። ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ መምህሩም ቢገርፈው ሸሽቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ከዛፉ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ወጥቶ ከፍሬው ሲበላ አየ። ተጸጽቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ለመነ፤ በዕንባ ጸለየ፤ አእምሮውም በራለት። ከዚያ በኋላ ድጓን፣ ዝማሬንና መዋሥእትን ደረሰ። በጣና ቂርቆስ ደሴትም እንደ ተቀመጠ በትውፊት ይነገራል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያሬድ የጸለየው ከትምህርቱ እንደ ሸሸ ሳይሆን ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ነው። ልጆቻችን ሆይ፣ እኛ እንጸልይላችኋለን፤ እናንተም ያቃታችሁን ምዕራፍ ዳግመኛ ግለጡ።